የወገብ-ቁመት ጥምርታ፦ የልብን ስጋት በክር መለካት

በአዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ወጥተን ኪሎአችንን እናነባለን፤ ካልጨመረ ደስ ብሎን እንሄዳለን። ሚዛኑ ግን ስቡ የት እንደተቀመጠ አይነግረንም። ለልብ ጤና ደግሞ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚረዳው የሕክምና ልኬት በእንግሊዝኛ «ዌይስት-ቱ-ሃይት ሬሾ» ይባላል፤ በአማርኛ «የወገብ-ቁመት ጥምርታ» ብንለው ይስማማዋል።

ትርጉሙ ቀላል ነው፦ የወገብ ዙሪያ ለቁመት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ሁለቱም በሴንቲሜትር ይለካሉ።

«ሬሾ»ን «ምጣኔ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን «የቤተሰብ ምጣኔ» እና «ምጣኔ ሀብት» ቃሉን ቀድመው ይዘውታል። «ጥምርታ» ግን «የመምህርና የተማሪ ጥምርታ» ሲባል የለመድነው ነው፤ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ማነጻጸርን በቀጥታ ይገልጻል። «ወገብ» ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ብዙ ሰው ወገብ የሚለው ቀበቶ የሚታሰርበትን ቦታ ነው፤ ቦርጭ ያለው ሰው ደግሞ ቀበቶውን ከቦርጩ በታች ያስራል። ስለዚህ የሱሪ ቁጥር እዚህ አይሠራም። የሚለካው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል ያለው የሆድ ዙሪያ ነው።

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች የተመኩት በቢኤምአይ ነበር፤ ክብደት በኪሎ፣ በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ሲካፈል ማለት ነው። ቀመሩን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው ቤልጂየማዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ሲሆን፣ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ችግሩ ጡንቻንና ስብን አለመለየቱ ነው። ቁመታቸው 170 ሴንቲሜትር፣ ክብደታቸው 70 ኪሎ የሆነ ሁለት ሰዎችን እናስብ። የሁለቱም ቢኤምአይ 24 ገደማ ነው፤ «ጤነኛ» ከሚባለው ክልል አይወጡም። የአንዱ ወገብ 80፣ የሌላው 92 ቢሆን ግን ጥምርታቸው 0.47 እና 0.54 ይሆናል። ሚዛን እኩል ያደረጋቸውን ወገብ ለያቸው።

ልዩነቱ ለምን ያሳስባል? በሆድ ዕቃ መካከል የሚከማች ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቅባት ወደ ጉበት ይለቃል፣ ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል፣ የደም ግፊትንና በደም ውስጥ ያለውን ስብ ከፍ ያደርጋል። እነዚህ የልብ ደም ሥሮችን የሚያጠቡ ነገሮች ናቸው። በ52 አገሮች የተካሄደው ኢንተርሃርት የተባለው ጥናትም ሌላው የወገብ ልኬት፣ የወገብና የዳሌ ጥምርታ፣ ከቢኤምአይ ይልቅ ከድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ጋር ጠንካራ ግንኙነት እንዳለው በ2005 እ.ኤ.አ. አሳይቷል።

የብሪታኒያው የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2022 እ.ኤ.አ. አዋቂዎች ወገባቸውን ከቁመታቸው ግማሽ በታች እንዲያደርጉ መክሯል። ከ0.4 እስከ 0.49 ጤናማ፣ ከ0.5 እስከ 0.59 ስጋቱ የጨመረ፣ 0.6 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋት ነው።

ሜትር ከሌለዎት ክር ይበቃል። በቁመትዎ ልክ ይቁረጡ፣ ለሁለት አጥፈው፣ ትንፋሽዎን እንደልማድዎ አውጥተው ሆድዎን ሳይስቡ ወገብዎ ላይ ያዙሩት። ጫፎቹ ካልተገናኙ ወገብዎ ከቁመትዎ ግማሽ አልፏል ማለት ነው።

ልኬቱ ለነፍሰ ጡሮች አይሆንም፤ በሽታንም አይወስንም። ሲጋራ፣ የደም ግፊት፣ ስኳርና የቤተሰብ የልብ ሕመም ታሪክ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ቦርጭን የድሎት ምልክት አድርገን «ተመቸው» ስንል ኖረናል፤ ከእንግዲህ እንደ ማስጠንቀቂያ እንየው። ክሩ አልገናኝ ያለው ሁሉ ደም ግፊቱንና ስኳሩን ሳይውል ሳያድር ይመርመር።