የእናቶች ቃል ሳይጠፋ



አርመኖች ሲነሡ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስታውሰው አርባ ልጆችን ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ኢየሩሳሌም ከሚገኘው የአርመን ገዳም ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው፣ ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ወንዶች ልጆች ነበሩ። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የኢትዮጵያ መዝሙር ዜማ ደርሰዋል። የእነዚህ ልጆች ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር ተጽፏል። እኅቶቻቸውና እናቶቻቸውስ ምን ሆኑ? ይህን ጠይቀው በመጻፍ ረገድ ራሳቸው የአርመን ሴቶች ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ሥራው ከእልቂቱ በፊት የተጀመረ ነው። በ1879 በቁስጥንጥንያ የነበሩ የአርመን ሴቶች ማኅበር አቋቁመው በየክፍለ ሀገሩ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት መክፈት ጀመሩ። ደራሲዋ ወይዘሮ ዛቤል የሳያን በ1909 በአዳና አርመኖች ከተጨፈጨፉ በኋላ ወደ ስፍራው ሄደው የተረፉትን አነጋገሩ፤ ያዩትንና የሰሙትንም በ1911 በመጽሐፍ አወጡ። በሚያዝያ 1915 የኦቶማን መንግሥት እንዲያዙ ካዘዘባቸው ምሁራን መካከል ሴት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። አምልጠው ቡልጋሪያ ገቡ፤ በኋላም በካውካሰስ የስደተኞችን ቃል መዘገቡ። በ1937 በሶቪየት አርመንያ ታስረው በዚያው ቀሩ።

በ1919 በአርመን ሪፐብሊክ ምርጫ ሦስት ሴቶች ፓርላማ ገቡ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ሃይጋኑሽ ማርክ በቁስጥንጥንያ «ሃይ ጊን»፣ ማለትም «የአርመን ሴት» የተባለውን መጽሔት ጀምረው እስከ 1933 አዘለቁት።

ሆኖም ሳይነገር የቀረው ይበዛል። በስደቱ መንገድ ተወስደው በበደዊኖች ዘንድ ከኖሩት ሴቶች ብዙዎቹ ፊታቸውና እጃቸው ተነቅሶ ተመለሱ። በአገራችን ንቅሳት የእናቶች ጌጥ ነው፤ ለእነርሱ ግን የምርኮ ምልክት ነበር። በየቤቱም «ገመና ነው» ተብሎ ዝም ተባለ።

ዝምታውን ከሰበሩት መካከል የልጅ ልጆች ይገኙበታል። በ2004 ቱርካዊቷ ጠበቃ ፈትሂዬ ቼቲን፣ ሰሄር ተብለው የኖሩት አያታቸው በልጅነታቸው ከእናታቸው የተነጠቁ ሄራኑሽ የተባሉ አርመናዊት መሆናቸውን ጽፈው አሳተሙ። በ2011 ደግሞ ሱዛን ካርዳሊያን ስለ አያታቸው ንቅሳት ፊልም ሠሩ።

ነገሩ ያለፈውን ለማወቅ ብቻ አይደለም። «ገመና» እየተባለ የታፈነ በደል ይደጋገማል። በየሬቫን በ2003 የሴቶች ማዕከል ያቋቋሙትና ሌሎች የሴቶች ማኅበራት በቤት ውስጥ ስለሚፈጸም ጥቃት ባለመታከት ተናገሩ፤ አገሪቱም በ2017 ሕግ አወጣች።

እኛ በንግድ የኖርን ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን፦ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ዱቤ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። አባቶቻችንም «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ድንበር አቋርጠው፣ እንጀራ ጋግረው ሸጠው በስደት ያሳደጉን እናቶች ዛሬ አርጅተዋል። ልጆቻችን ሆይ፣ ስልካችሁን ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። በየት መጣችሁ፣ ማን አስጠለላችሁ፣ ምን ተውላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ፈቃዳቸውን ግን አስቀድሙ፤ ይቅር ያሉትን ተዉት፣ ያሉትንም ሳትቀንሱ ጻፉት።

መልካም በዓል!