ፊደላችን ሳጥን የነበረበት ጊዜ

በሐኑካ ዕረፍት ማትናስ ውስጥ ተሰብስበን አንድ ነገር ለመሞከር ተስማማን። ለሁለት ሳምንት በስልካችን ላይ ከለመድነው ክሮም ወይም ሳፋሪ ውጪ ሌላ አሳሽ እንጠቀማለን፤ ከተፈቀደልን ደግሞ የወላጆቻችን ስልክ ላይም እንጭናለን። ታናናሾቻችን ነገሩን የሚያውቁት «ዳፍዳፋን» በሚለው የዕብራይስጥ ስም ነው። «ዳፍ» ገጽ ማለት ስለሆነ፣ ገጽ የሚያገላብጥ እንደማለት ነው። አማርኛው «አሳሽ» ይለዋል፤ ያስሳል፣ ይፈልጋል። እኛ አማርኛውን ወደድነው፤ እናቶቻችን ስልክ ላይ ሲቀመጡ የሚያደርጉት ማሰስ ነዋ!

ከመሞከራችን በፊት ግን ታሪኩን ለማወቅ ፈለግን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያውን አሳሽ ቲም በርነርስ ሊ በ1990 ስዊዘርላንድ ውስጥ በሰርን ሠራው። በ1993 ሞዛይክ፣ በ1994 ኔትስኬፕ መጡ። በ1995 ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን አወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይሰጠው ጀመር። ኮምፒዩተር የገዛ ሰው አሳሹ እቤቱ ድረስ ከመጣለት ሌላ ለምን ይፈልጋል? የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ማይክሮሶፍትን የከሰሰው በዚህ ነገር ነበር። ኔትስኬፕ ገበያውን ቢያጣም በዚያው ዓመት ኮዱን ለሁሉም ከፈተ፤ ከዚያ ሥር በ2004 ፋየርፎክስ ወጣ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእኛ ፊደል የት ነበር? በዘጠናዎቹ ዓመታት አማርኛ በኮምፒዩተር የሚጻፈው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር፤ እያንዳንዱም የራሱ ፎንት ነበረው። ለዓይን «ሰላም» የሚመስለው ውስጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ያ ፎንት የሌለው ሰው ከፍቶ ቢያየው የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ይመጣበታል። ዕብራይስጥም የራሱ ጣጣ ነበረው። የዚያን ጊዜ አሳሾች ብዙዎቹ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ አያውቁም፤ ስለዚህ ገጽ የሚያዘጋጁት ሰዎች ፊደሎቹን ገልብጠው፣ የቃሉን መጨረሻ አስቀድመው ያስቀምጡ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ስንሰማ ብቻችንን እንዳልተቸገርን አውቀን ትንሽ ደስ አለን።

በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር አገኘ ማለት ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይነበብም፤ መሣሪያው ላይ የፊደሉ ቅርጽ፣ ማለትም ፎንቱ፣ መኖር አለበት። ትንንሾቹ ስልኮች ላይ አልነበረም። በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይመጣል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ፣ ሳጥን በሳጥን።

እዚህ ላይ ነው ከእኛ የሚበልጡት ሰዎች ያስገረሙን። ከ2010 እስከ 2013 ከጎንደር ከመጡት ታላላቆቻችን አንዱ ወሬያችንን ሰምቶ ሳቀ። «እናንተ ሌላ አሳሽ ዛሬ ልትሞክሩ ነው? እኛ እኮ እዚያ ሆነን ወረፋ ስንጠብቅ ሞክረነዋል» አለን። የሞከሩት ኦፔራ ሚኒን ነበር። ኦፔራ የኖርዌይ ድርጅት ነው፤ ኦፔራ ሚኒን ለዓለም የለቀቀው በጥር 2006 ነው። የጃቫ ፕሮግራም በሚቀበሉ ተራ የቁልፍ ስልኮች ላይም ይሠራ ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ስልኩ ገጹን ራሱ አያመጣም። የኦፔራ ኮምፒዩተር ገጹን ተቀብሎ፣ አዘጋጅቶ፣ ጨምቆ ትንሽ አድርጎ ይልከዋል። ካርድ በሳንቲም ለሚቆጥር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ዋናው ብልሃት ግን ሌላ ነው። አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ላይ «ኮንፊግ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ከሁለት ነጥብ ጋር ሲልኩት የተደበቀ የማስተካከያ ገጽ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ አስቸጋሪ ፊደሎችን በሥዕል አምጣ የሚል ምርጫ አለ። «አዎ» ሲሉት የኦፔራ ኮምፒዩተር ጽሑፉን እዚያው ሥዕል አድርጎ ይልከዋል፤ ስልኩ ፊደሉን ባያውቀውም ሥዕሉን ያሳያል። ሕንዶችም ባንግላዴሾችም ለራሳቸው ፊደል ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ገጹ ይዘገያል፣ ብርም የበለጠ ይበላል፤ ግን አማርኛ ይነበባል። ታላቃችን እንደነገረን፣ ሰፈር ውስጥ ይህን ማስተካከል የሚያውቅ አንድ ልጅ ካለ ስልክ ሁሉ ወደ እሱ ይሄድ ነበር። ነገሩ እንከን አልነበረውም አንልም፤ ሁሉም ነገር በኦፔራ ኮምፒዩተር በኩል ስለሚያልፍ ለባንክ ጉዳይ የሚሆን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዘመናዊው ስልክ መጣ፤ አይፎን በ2007 ከሳፋሪ ጋር፣ አንድሮይድም ተከትሎ። ዊንዶውስ ላይ የሆነው ነገር ኪስ ውስጥ ተደገመ፤ አሳሹ ስልኩ ውስጥ ገብቶ ይመጣል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 ጉግልን በአንድሮይድ ጉዳይ 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ ፍርድ ቤት በ2022 ወደ 4.125 ቢሊዮን አወረደው። በአሜሪካው ክስ ላይ ደግሞ ጉግል ሳፋሪ ውስጥ ቀዳሚ የፍለጋ ቦታ ለመያዝ በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር እንደከፈለ ታወቀ። ሰው ያገኘውን እንጂ የመረጠውን እንደማይጠቀም እነሱ በደንብ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ሙከራችን። አይፎን የያዝነው ቶሎ ተበሳጨን። አፕል ለረጅም ጊዜ ሌሎቹንም አሳሾች በራሱ ዌብኪት በሚባል ሞተር እንዲሠሩ ያስገድድ ነበር፤ በ2024 ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከፈተ፤ እኛ ደግሞ እዚያ አይደለንም። ስለዚህ ልብሱ ሌላ፣ ሰውዬው ያው። አንድሮይድ የያዝነው ግን ፋየርፎክስን ጭነን ማስታወቂያ የሚከለክል ተጨማሪ ፕሮግራም አስገባንበት፤ ልዩነቱ ወዲያው ታየን።

ከመካከላችን የአንዷ እናት የአማርኛ ዜና ሲያነቡ ማስታወቂያው እየዘለለ ጣታቸው ሥር ይገባና ወደማያውቁት ቦታ ይወስዳቸዋል። ከዚያ «ልጄ፣ ነይ መልሽልኝ» ነው። በፋየርፎክስ ማስታወቂያው ጠፋ፤ የንባብ ገጹን ስትከፍትላቸው ጽሑፉ ብቻውን፣ ተለቅ ብሎ ቀረ። አንድ ረጅም ጽሑፍ ልጃቸውን ሳይጠሩ እስከ መጨረሻው አነበቡ።

ግን በማግስቱ ከኩፓት ሆሊም መልእክት መጣላቸው፤ ሲነኩት በዕብራይስጥ የተጻፈ ገጽ ተከፈተ። ክሮም ላይ ገጹን ወደ አማርኛ ማስተርጎም ለምደዋል። በሞከርነው ፋየርፎክስ ላይ ተርጓሚውን ስንከፍት አማርኛ አላገኘንበትም። ያን ቀን ልጅቱ ሥራ ላይ ነበረች፤ እናት እስከ ማታ ጠበቁ። ክሮምም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም፤ «ቶር» የሚለውን ቀጠሮ ማለት ሲገባው አንዳንዴ «ወረፋ» ይለዋል። እሳቸው ግን ይህን ለምደውታል፤ ወረፋ ሲላቸው ቀኑን አይተው ይረዱታል።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ አብዛኞቻችን ወደ ድሮው ተመለስን፤ ስንፍና ነው፣ ሌላ ምክንያት የለንም። እናትየው ግን አልመለስም አሉ። ሁለቱንም አሳሾች ጎን ለጎን አስቀመጡ። ብርቱካንማዋን ቀበሮ ለዜና፣ ባለ ብዙ ቀለሙን ክብ ለደብዳቤ። ዓርብ ከሰዓት ሻባት ሳይገባ ጎረቤታቸው ቡና ሊጠጡ መጡ፤ እሳቸውም ስልካቸውን አውጥተው የትኛው ለምን እንደሆነ ያሳዩዋቸው ጀመር።