ሞባይል እያለ አማተር ሬዲዮ ምን ያደርጋል?

ጊዜው ጥቅምት 18 ቀን 1924 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ለንደን ውስጥ ሚል ሂል በሚባል ትምህርት ቤት የሚማር ሴሲል ጎይደር የተባለ የ18 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤቱ የሬዲዮ ጣቢያ ተቀምጦ በሞርስ መልእክት ይልካል። ከዓለም ሌላኛው ጫፍ፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ካለ የበግ እርባታ፣ ፍራንክ ቤል የሚባል ሰው መለሰለት። በሁለቱ መካከል ወደ 19 ሺህ ኪሎ ሜትር አለ። ከለንደን ተነስታችሁ ከዚህ በጣም የሚርቅ ቦታ ልፈልግ ብትሉ አታገኙም። ትንሽ ካለፋችሁ በሌላው በኩል ወደ ለንደን መመለስ ጀመራችሁ ማለት ነው። እንግሊዝና ኒውዚላንድ በሬዲዮ ቀጥታ መልእክት ሲለዋወጡ ያ የመጀመሪያው ነበር። ያደረገው ደግሞ ተማሪ ነው።

ዛሬ ይህን የሰማ ወጣት "እና ምን ይጠበስ?" ቢል አይፈረድበትም። ሞባይሉን ከኪሱ አውጥቶ ኒውዚላንድ ያለ ዘመዱን ፊቱን እያየ ማውራት ይችላል። በየአገሩ ያሉ የአማተር ሬዲዮ ክበቦች የሚጨነቁትም በዚሁ ነው። አባሎቻቸው እየሸበቱ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ስልካቸው ላይ ናቸው። ታዲያ ኢንተርኔት ባለበት ዘመን ወጣት ወደዚህ ነገር በምን ይሳባል? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ጎይደርን የሳበው ምን እንደነበር ማየት ይሻላል።

አማተር ሬዲዮ ማለት አንድ ሰው ፈተና ተፈትኖ፣ ከመንግሥት ፈቃድና የራሱን የጥሪ ምልክት ተቀብሎ፣ ገንዘብ ሳያገኝበት ለመማርና ለመሞከር ብሎ በሬዲዮ የሚገናኝበት ነገር ነው። ከሌላው የሬዲዮ ሥራ የሚለየው ትልቅ ነገር፣ የፈቃዱ ባለቤት ማስተላለፊያውን ራሱ ሠርቶ አየር ላይ ማዋል መቻሉ ነው። ስልካችሁን ፈታታችሁ ማስተላለፊያውን እንደፈለጋችሁ ልቀይር ብትሉ ሕግ ያግዳችኋል። አማተር ግን ይህ መብቱ ነው።

መብቱ የተገኘበት መንገድ ትንሽ ያስቃል። በ1912 ታይታኒክ ከሰመጠች በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት የሬዲዮ ሕግ አወጣ። አየሩን የሚያጨናንቁትን አማተሮች ከ200 ሜትር ወደማይበልጥ የሞገድ ርዝመት ገፋቸው። በዚያን ጊዜ እምነቱ "ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ሩቅ ይሄዳል" የሚል ስለነበር ትልልቆቹ ኩባንያዎች በሺህ ሜትሮች የሚቆጠር ሞገድ ይጠቀሙ ነበር። ለእሱም ሰፈር የሚያክል አንቴና ይተክላሉ። ከ200 ሜትር በታች ያለው የማይረባ ነው ተብሎ ለልጆቹ ተተወ፣ ጠፍ መሬት ቆርሶ እንደመስጠት። ልጆቹ ጠፉን ማረስ ጀመሩ። በኅዳር 1923 ኒስ ከተማ ያለው ፈረንሳዊ አማተር ሌዮን ዴሎይና ኮኔክቲከት ያለው አሜሪካዊ ፍሬድ ሽኔል 100 ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ አትላንቲክን ተሻግረው ተነጋገሩ። ዓመት ሳይሞላ የጎይደርና የቤል ተራ ደረሰ። (የፍራንክ ቤል እህት ብሬንዳ ጣቢያውን በኋላ ተረክባ የኒውዚላንድ የመጀመሪያዋ ሴት አማተር ሆናለች። በ1927 ከኒውዚላንድ ደቡብ አፍሪካን በሬዲዮ ያገኘችው የመጀመሪያዋ ሰውም እሷ ናት።)

አጭር ሞገድ ይህን ሁሉ የሚጓዘው እንዴት ነው? አያቶቻችሁን ጠይቋቸው፣ ሳያውቁት ያውቁታል። ማታ ማታ የሬዲዮኑን ቁልፍ ቀስ እያሉ እያዞሩ የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን በአማርኛ ሲፈልጉ፣ ድምፁ ጎላ ይልና ይርቃል፣ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ጣቢያው አልተበላሸም። ከመሬት በላይ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረር አየሩን እየመታ ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል፤ ይህ ክፍል አዮኖስፌር ይባላል። አጭር ሞገድ እዚያ ሲደርስ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል፣ ከመሬት ነጥሮ ደግሞ ይወጣል፣ እንዲህ እየዘለለ ዓለምን ያዳርሳል። አዮኖስፌር ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር ስላልሆነ ድምፁም አብሮት ይዋዥቃል። እንዲህ ያለ ሽፋን እንደሚኖር ኬኔሊና ሄቪሳይድ የተባሉ ሊቃውንት በ1902 ገምተው ነበር። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ አፕልተን በሙከራ ያረጋገጠው ግን በታኅሣሥ 1924 ነው፣ ጎይደር ኒውዚላንድን ካገኘ ከሁለት ወር በኋላ። አፕልተን በ1947 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ልጁ ግን ማረጋገጫውን አልጠበቀም፣ ሞከረውና ሠራ።

እኔ እንደሚመስለኝ ጎይደርን የሳበው ከኒውዚላንድ ሰው ጋር ወሬ መጀመሩ አይደለም። ሊቃውንቱ ገና የሚከራከሩበት ነገር ላይ የአንድ ተማሪ እጅ መድረስ መቻሉ ነው። ይህ ነገር ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ታይቷል።

በግንቦት 1928 "ኢታሊያ" የተባለችው የኢጣሊያ የአየር መርከብ ከሰሜን ዋልታ ስትመለስ በረዶ ላይ ወደቀች። ከአደጋው የተረፉት ዘጠኝ ሰዎች በበረዶው ላይ ሆነው በትንሽ የአጭር ሞገድ ማስተላለፊያ ለቀናት ቢጣሩም የሚሰማቸው አጡ። በሰኔ 3 የሰማቸው ኒኮላይ ሽሚት የሚባል በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ወጣት ነበር። ያለበትም ከሰሜን ሩሲያ መንደሮች አንዱ ነው፤ መቀበያውን የሠራው በገዛ እጁ ነው። ወሬውን ወደ ሞስኮ አስተላለፈ። ክራሲን የተባለችው በረዶ ሰባሪ መርከብ የቀሩትን በሐምሌ ደርሳ አወጣቻቸው።

ከሁሉ የምወደው ግን የኬተሪንግ ልጆች ታሪክ ነው። ኬተሪንግ እንግሊዝ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1960ዎቹ እዚያ ባለ የወንዶች ትምህርት ቤት ጄፍሪ ፔሪ የሚባል የፊዚክስ መምህርና ዴሪክ ስሌተር የሚባል የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ስሌተር አማተር ነበር። ሁለቱ ርካሽ የአጭር ሞገድ መቀበያ አቁመው ከተማሪዎቻቸው ጋር የሶቪየት ሳተላይቶችን ማድመጥ ጀመሩ። ከሳተላይቶቹ ብዙዎቹ 20 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ምልክት ስለሚልኩ ተራ መቀበያ ይበቃ ነበር። ልጆቹ ምልክቱ ስንት ሰዓት ላይ መጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ ጠፋ እያሉ በደብተር ይመዘግባሉ። ሳተላይቱ ሲቀርብና ሲርቅ የምልክቱ ቃና ይለወጣል፣ አምቡላንስ በአጠገባችሁ ሲያልፍ እንደምትሰሙት። ከዚህ ተነስተው ሳተላይቱ በየት በኩል እንደሚዞር ያሰላሉ። የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ማለት ይህ ነው!

በመጋቢት 1966 ኮስሞስ 112 የተባለ ሳተላይት ወጣ። የዙሩ ዘንበል እስከዚያ ከለመዱት የተለየ ነበር። ሶቪየቶች ያመኑበት ብቸኛው ዋና የማስወንጨፊያ ቦታ ካዛኪስታን ያለው ነው፤ ይኼኛው ግን ከዚያ የወጣ አይመስልም። ልጆቹና መምህራኑ ታገሡ። በዚያው ዓመት ሌሎችም እንዲህ ያሉ ሳተላይቶች ሲወጡ የዙሮቹን መስመር ወደ ኋላ ስበው ካርታ ላይ አሠፈሩት። መስመሮቹ የተቋረጡት ሰሜን ሩሲያ ውስጥ ፕሌሴትስክ በሚባል ቦታ አጠገብ ነው። ምስጢራዊ የሮኬት ማስወንጨፊያ አገኙ! የአሜሪካ ሰላዮች ቦታውን ያውቁት ነበር፣ ግን ለማንም አልተናገሩም። ለዓለም ሕዝብ የተናገሩት የኬተሪንግ ሰዎች ናቸው። ሶቪየት ኅብረት ቦታው መኖሩን በይፋ ያመነችው በ1983 ነው።

አሁን ወደ ጃፓን እንሂድ፣ ምክንያቱም የተገላቢጦሹን ታሪክ የምናገኘው እዚያ ነው። በ1980ዎቹ ጃፓን ውስጥ ፈቃዱን ማውጣት ቀላል ነበር፤ በእጅ የሚያዙ ትንንሽ ሬዲዮዎችም በየሱቁ ይሸጡ ነበር። በ1987 የወጣ አንድ የበረዶ መንሸራተት የፍቅር ፊልም ወጣቶቹን ተራራ ላይ በአማተር ሬዲዮ ሲጠራሩ ያሳያል፤ ብዙ ሰው ያን አይቶ ፈቃድ አወጣ። በ1995 የጃፓን ፈቃድ ያላቸው ጣቢያዎች ቁጥር ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ደረሰ፣ ከዓለም አንደኛ። ከዚያ ሞባይል መጣ። ዛሬ ቁጥሩ ከ400 ሺህ በታች ነው። ለወሬ የመጡት ለወሬ የተሻለ ነገር ሲያገኙ ሄዱ። ተገቢም ነው፣ ማንም አይወቅሳቸውም። ስለዚህ አንድ ክበብ ዛሬ ወጣቶችን ሰብስቦ "በዚህ ሬዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር ማውራት ትችላላችሁ" ብሎ ከጀመረ፣ ገና ከመነሻው ተሸንፏል።

ሰው ሲጠፋ ደግሞ ሞገዱም ያለ ባለቤት የቀረ ይመስላል። በ2019 ፈረንሳይ 144 እስከ 146 ሜጋ ኸርዝ ያለው፣ አማተሮች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት ክፍል፣ ለአውሮፕላን አገልግሎት እንዲጠና ሐሳብ አቅርባ ነበር። ከየአገሩ ተቃውሞ ተነስቶ ሐሳቡ ቀረ። ይሁንና ያን ቦታ የሚመኝ ጠፍቶ አያውቅም።

ኢንተርኔት ራሱስ ጠላት ነው? እኔ አይመስለኝም። በ1978 ሞንትሪያል ያሉ አማተሮች ኮምፒውተሮችን በሬዲዮ እያገናኙ ነበር። በ1980ዎቹ ፊል ካርን የሚባል አማተር ኢንተርኔት የሚሠራበትን ቋንቋ በቤት ኮምፒውተርና በሬዲዮ ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም ጽፏል። አሁንም ቢሆን የሚያስገርሙት ነገሮች የሚፈጠሩት ሁለቱ ሲገናኙ ነው። በ2014 አቴንስ ውስጥ የተጀመረ ሳትኖግስ የሚባል ሥራ አለ። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በርካሽ ዕቃ የሳተላይት ማዳመጫ ያቆማሉ፣ ጣቢያዎቹን ኢንተርኔት ያያይዛቸዋል። የአንዱን ዩኒቨርሲቲ ትንሽ ሳተላይት ከሌላ አህጉር ያለ ልጅ ያዳምጥለታል። ይህ የኬተሪንግ ደብተር ነው፣ ዓለምን የሚያክል ሆኖ።

ጆ ቴይለርንም አንርሳ። ልጅ ሳለ ከወንድሙ ጋር በኒው ጀርሲ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ትልልቅ አንቴና ይተክል ነበር፤ አንድ ጊዜ አንቴናው የጡብ ጭስ መውጫቸውን ከጣሪያው እኩል ቆርጦ ጣለው፣ ወላጆቻቸውም ክፉኛ ደነገጡ። ያ ልጅ በ1974 ከተማሪው ከራስል ሐልስ ጋር ጥንድ ፐልሳር አግኝቶ በ1993 ሁለቱም የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። በኋላ ወደ አማተር ሬዲዮ ተመለሰ። በ2017 ከስቲቭ ፍራንኪ ጋር ኤፍቲ8 የሚባል ዘዴ አወጣ፤ ጆሮ የማይሰማውን ደካማ ምልክት ኮምፒውተር በ15 ሰከንድ ውስጥ ከጩኸቱ መሐል ለቅሞ ያወጣዋል። አንዳንድ ነባሮች "ይኼ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ጋር የሚያወራበት ነው" ብለው ያጉረመርማሉ። ትንሽ እውነት አላቸው። ግን ፕሮግራም መጻፍ ለምታውቅ የ16 ዓመት ልጅ ከሞርስ ይልቅ የሚቀርባት በር ይኼ ነው። ሞርስ መቻልም በብዙ አገር ግዴታ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፣ ዓለም አቀፉ ደንብ የላላው በ2003 ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥስ? የአገራችን የጥሪ ምልክቶች "ኢቲ" ብለው ይጀምራሉ፤ የአየር መንገዳችን አውሮፕላኖች አካል ላይ የተጻፈው ኢቲም ከዚሁ የሬዲዮ መለያ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥም ኢቲ3ኤኤ የሚባለውን የክበብ ጣቢያ ተማሪዎች አየር ላይ አውለውታል። ከኢትዮጵያ የሚጠሩ ጣቢያዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ ኢቲ ብሎ የጠራ ተማሪ የዓለም አማተር ይሻማበታል። ለንደን ያለ ተማሪ ይህን ዕድል አያገኝም።

ለማስተላለፍ በየትም አገር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ደንቡን መጠየቅ መጀመሪያ ነው። ማዳመጥ ግን ከዛሬ ማታ ሊጀመር ይችላል። ኔዘርላንድስ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ የአጭር ሞገድ መቀበያውን በኢንተርኔት ለማንም ክፍት አድርጎታል፤ በስልካችሁ መስኮት ከፍታችሁ አውሮፓ ላይ ያለውን አየር ራሳችሁ ቁልፉን እያዞራችሁ መስማት ትችላላችሁ።

ከዚያ ካለፋችሁ ደግሞ ወደ ጣሪያው ቀና በሉ። በ2018 የወጣው የኳታር ሳተላይት ኤስሃይል 2 አማተሮች የሚጠቀሙበት ክፍል ተሸክሟል፤ በቋሚነት ከአንድ ቦታ በላይ ከሚቆሙት ሳተላይቶች ይህን የያዘ የመጀመሪያው ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ አጠገብ ቆሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ አፍሪካን፣ አውሮፓንና መካከለኛው ምሥራቅን ያያል። የሚመልሰው ድምፅ 10,489 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ የቴሌቪዥን ዲሽ ላይ ያለው ተራ ኤልኤንቢ ይቀበለዋል። ወደ 26 ዲግሪው አረብሳት የተሰካ ዲሽ በሰፈራችሁ ካለ፣ ያ ዲሽ በዚህ ሰዓት የአማተሮችን ድምፅ እየሰማ ነው። የጎደለው ከዲሹ ወደ ኮምፒውተር የሚያገናኝ ትንሽ ዩኤስቢ መቀበያ ነው። ከ2012 ጀምሮ አማተሮች ለዚህ የሚጠቀሙበት፣ ቴሌቪዥን በኮምፒውተር ለማየት ተብሎ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ነው።