«የካምፕ ካውንስለር» ማን ነው?

ካውንስለር ሲባል ብዙ ሰው ቢሮ ተቀምጦ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ይታየዋል። በአሜሪካ የልጆች የክረምት ካምፕ ግን ከልጆቹ ጋር በአንድ ጎጆ የሚያድረው ወጣት ነው። ጠዋት ይቀሰቅሳቸዋል፣ አልጋቸውን ያስነጥፋቸዋል፣ ሐይቅ ዳር ቆሞ የሚዋኙትን ደጋግሞ ይቆጥራል፤ ማታ እናቱ ናፍቃው የሚያለቅሰውን የ8 ዓመት ልጅ ያባብላል። ካምፕ አሜሪካ የተባለው ድርጅት ከ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእንግሊዝ ወጣቶችን ለዚሁ ሥራ ሲልክ ኖሯል። ከእነሱም መካከል ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት የአንድ ዓመት ፋታ የወሰዱ ይገኙበታል።

የአሜሪካ የቪዛ ደንብም «ካውንስለር» የሚለውን ቃል ጠበቅ አድርጎ ይዞታል።

በጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚዎች) ቪዛ ካውንስለር ሆኖ የሚሄድ ወጣት 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ቆይታው ከ4 ወር አይበልጥም፤ ክፍያውም ከአሜሪካዊ ባልደረባው ጋር መመጣጠን አለበት። ምግብ አብሳይ፣ ሳህን አጣቢ ወይም ጽዳት ሠራተኛ አድርጎ መመደብ ክልክል ነው። ውል የሚፈርም ወጣት ሁሉ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መብቱን ያስከብራል። የካምፕ ወጥ ቤት ሥራ ለውጭ አገር ተማሪዎች በተፈቀደው የክረምት ሥራና ጉዞ ፕሮግራም ይገኛል። እሱ ግን ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ያጠናቀቀ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ ስለሚጠይቅ፣ ገና ዩኒቨርሲቲ ያልጀመረውን አይቀበልም።