የብሩሽ አበባን መለየትና ማልማት፦ ስካዶክሰስ በጂንካና በደቡብ ኦሞ

አጽሕሮት

ይህ መጣጥፍ ስካዶክሰስ የተባለው አገር በቀል አበባ በምን ምልክቶች እንደሚለይና በጓሮ እንዴት እንደሚለማ ያብራራል። ተክሉን ማልማት መጀመር ያለበት ሽንኩርቱን ከጫካ ቆፍሮ በማምጣት ሳይሆን ዘሩን በመዝራት እንደሆነም ይከራከራል።

መግቢያ

«የቀለም ብሩሽ» የሚለው ስያሜ በልዩ ልዩ አህጉራት ለማይዛመዱ ተክሎች ተሰጥቷል። በሰሜን አሜሪካ በዚህ ስም የሚታወቀው ካስቲሌያ የማሽላ ገበሬዎቻችን የሚያማርሩበት የአቀንጭራ ዘመድ ነው። ሥሩን ከጎረቤት ተክል ሥር ጋር አጣብቆ ውሃና ማዕድን ስለሚስብ፣ ለብቻው ሲተከል እምብዛም አይጸድቅም። የአፍሪካው የብሩሽ አበባ፣ ስካዶክሰስ፣ ግን ስንቁን በራሱ ሽንኩርት ውስጥ ይዞ የሚኖር፣ ማንንም የማይጠጋ ተክል ነው። በመልክ የተሰጠ ስም ስለ አኗኗር ምንም እንደማይነግረን የሁለቱ ልዩነት ያሳያል። አልሚው በስሙ ብቻ ከተመራ አንዱን በሌላው ደንብ ሊተክል ይችላል።

የመለያ ምልክቶች

ስካዶክሰስ ለረጅም ጊዜ ሄማንተስ ከተባለው ወገን ጋር ተደባልቆ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1976 ዴንማርካዊው ኢብ ፍሪስና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል ሁለቱን ለዩአቸው። ሄማንተስ የደቡባዊ አፍሪካ ተክል ሲሆን፣ ስካዶክሰስ መካከለኛ ጅማታቸው ጎልቶ የሚታይ ስስ ቅጠሎች አሉት። የክሮሞሶም ብዛታቸውም 16 እና 18 ሆኖ ይለያያል።

በአገራችን ከሚገኙት ዝርያዎች ሦስቱን ከአበባው አናት መለየት ይቻላል። በስካዶክሰስ ፑኒሰስ አበቦቹን ያቀፉት ሰፋፊ ቅጠሎች ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ፣ አናቱ በእርግጥ ብሩሽ ይመስላል። በስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ አቃፊዎቹ ወደ ታች ይታጠፋሉ፤ ቀያይ አበቦቹም በየአቅጣጫው ተዘርግተው ሉል ይሠራሉ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ብቻ የሚገኘው ስካዶክሰስ ኑታንስ ደግሞ አናቱን ያዘነብላል። ከሩቅ አንድ አበባ የሚመስለው በሦስቱም ዘንድ የብዙ ትናንሽ አበቦች ጉባኤ ነው። ከእያንዳንዷ አበባ ስድስት ክር መሰል የወንዴ ዘር ተሸካሚዎች ይወጣሉ፤ የብሩሹን ፀጉር የሚያስመስሉትም እነዚሁ ናቸው።

ለጂንካ አካባቢ ተመራማሪ ዋናው የማመሳከሪያ ሥራ የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ 6ኛ ቅጽ (እ.ኤ.አ. 1997) ነው። ጂንካ የምትገኝበት ደቡብ ኦሞ በዚያ ሥራ የሚጠቃለለው በቀድሞው አከፋፈል ጋሞ ጎፋ በሚለው ስር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

አዘራርና እንክብካቤ

አበባው ብዙውን ጊዜ ዝናብ ሲጀምር፣ ከቅጠሉ ቀድሞ ወይም አብሮት ብቅ ይላል፤ በኋላም ቀያይ ፍሬዎች ያንዠረግጋል። ፍሬው ሲበስል ሥጋው ታጥቦ ዘሩ ወዲያው መዘራት አለበት፤ ከደረቀ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ዘሩ በብስባሽና በአሸዋ ድብልቅ ላይ ግማሽ አካሉ እስኪሰምጥ ተጭኖ በጥላ ስር ይቀመጣል። መጀመሪያ ሥር ወደ መሬት ይወርዳል፤ ጫፉም አብጦ ትንሽ ሽንኩርት ይሆናል፤ ቅጠል የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ቅጠል ዘገየ ተብሎ መደቡ መቆፈር የለበትም። ለማበብ ዓመታት ያስፈልጉታል። በበጋ ቅጠሉ ሲደርቅ ውሃ ካልተቀነሰ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል።

ተክሉ ላይኮሪንን የመሰሉ መርዛማ አልካሎይዶች አሉት። ስለዚህ ፍየልና ከብት በሚውልበት፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት ቦታ ያለ አጥር መተከል የለበትም።

ውይይት

ሽንኩርቱን ቆፍሮ ማምጣት አበባ ቶሎ ያስገኛል። ይሁን እንጂ ጫካውን ዘር ሰጪ እናት ተክል ያሳጣዋል፤ ከሽንኩርቱ ጎን የሚወጡት ቡቃያዎችም የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። በጂንካ ዙሪያ የሚኖሩት የአሪ ገበሬዎች በዚህ ረገድ የሚያስተምሩት አለ። ጃፓናዊው ተመራማሪ ማሳዮሺ ሺጌታ እንዳሳየው፣ አሪዎች የጓሮ እንሰታቸውን ከመሬት ውስጥ ካለው ወፍራም ግንዱ (ኮርም) በሚወጡ ችግኞች ያራባሉ፤ በዘር የሚራባው የዱር እንሰት ደግሞ በሥርዓተ እምነት በሚከበሩ ቦታዎች ሳይነካ ይኖራል። ጓሮው የተመረጠውን ያበዛል፣ ዱሩም አዲሱን ይወልዳል።

ማጠቃለያ

ለስካዶክሰስም ይኸው ሥርዓት ይበጀዋል። እናቲቱ በዛፉ ጥላ ስር ትቆይ፤ ከፍሬዋ ጥቂቱ ተለቅሞ ወደ ጓሮ ይምጣ፤ የቀረው ለዱሩ ይተውለት። ከዘር የጀመረ አልሚ ጥቂት ዓመታት መታገሥ ይኖርበታል። በምላሹ በደጁ ያበበው ተክል ከጫካው አንድም ሽንኩርት ያላጎደለ ይሆናል።