ሁለትም ስድስትም ያልሆነው ገብስ

ከአርብ ገበያ ተነሥቶ በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ጉና የሚወጣ ሰው፣ ማሽላውና ጤፉ ከኋላው እየቀሩ ገብስ ሲነግሥ ያያል። በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ ደጋ ገብስ እንጀራም፣ ቆሎም፣ በሶም፣ ጠላም ነው። ነጩና ጥቁሩ፣ ባለ ሁለት ረድፉና ባለ ስድስት ረድፉ አንድ ማሳ ላይ ተቀላቅሎ ቢበቅል የደጋ ገበሬ አይደነቅም። የተደነቁት ከባሕር ማዶ የመጡት የእጽዋት ሊቃውንት ናቸው።

ከእነርሱ ዋናው ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነበር። በ1927 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በበቅሎ ቅፍለት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎንደርና በአክሱም በኩል አስመራ ሲደርስ በሺህ የሚቆጠር የእህል ናሙና ይዞ ነበር። የገብሱን ዓይነት ብዛት አይቶ የገብስ መገኛ ኢትዮጵያ ናት እስከ ማለት ደረሰ። በዚህ እንኳ ተሳስቷል፤ የዱር ገብስ በአገራችን አይበቅልም፣ ገብስ መጀመሪያ የለመደው በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። የብዛቱ ነገር ግን እውነት ነበር።

ያ ብዛት ለዘር ውርስ ተመራማሪዎች ፈተና ሆነባቸው። መነኩሴው ግሬጎር ሜንዴል በ1866 ያሳተመው የአተር ጥናት ጥርት ያለ ነው፤ አበባው ወይ ሐምራዊ ነው ወይ ነጭ። ሁለቱ ሲዳቀሉ ልጆቹ ሁሉ ሐምራዊ ይሆናሉ፤ በልጅ ልጆቹ ላይ ደግሞ ለሦስት ሐምራዊ አንድ ነጭ ይወጣል። ተማሪ ቤት የምናጠናው ይህንኑ ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን ከዚያ ገጽ ሳናልፍ መቅረታችን ነው።

ገብስ እንደ አተሩ አይታዘዝም። በዛላው እያንዳንዱ አንጓ ላይ ሦስት የአበባ ቦታዎች አሉ። መካከለኛው ብቻ ፍሬ ሲይዝ ዛላው ባለ ሁለት ረድፍ ይሆናል፤ ሦስቱም ሲይዙ ባለ ስድስት። ሁለቱን ዓይነት ቢያዳቅሏቸው የመጀመሪያው ትውልድ በአብዛኛው ወደ ባለ ሁለት ረድፉ ያደላል፤ ነገር ግን የጎንና የጎኑ አበቦች ከባለ ሁለት ረድፉ ወላጅ ይልቅ ፋፍተው ይታያሉ። አንዱ ወላጅ ገዝቷል፣ ሌላው ግን ሙሉ በሙሉ አልተደበቀም። በሚቀጥለው ትውልድ ሁለቱም የወላጅ መልኮች ተመልሰው ብቅ ይላሉ። የተደባለቀው መልኩ እንጂ ዘረመሉ አይደለም። «ከሜንዴል ሕግ ውጪ» የሚባለው ውርስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ መነኩሴውን አያፈርሰውም፣ ያልጻፈውን ይጨምርለታል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሁለትም ስድስትም ያልሆነው የኢትዮጵያ ገብስ ነው። አንዱ አንጓ ሦስት ፍሬ፣ ቀጣዩ አንድ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁለት ይይዛል፤ ሥርዓት የለውም። ተመራማሪዎቹ ኦበርግና ዊቤ በ1945 ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ብለው «ሆርዲየም ኢሬጉላሬ» የሚል ስም ሰጡት፤ ሥርዓት የለሽ ገብስ ማለት ነው። በጀርመን ጋተርስሌበን ያሉ ተመራማሪዎች በ2012 የረድፍ ቁጥር የሚወስነውን ዘረመል ሲያነቡ ግን የባለ ስድስት ረድፍ ሆኖ አገኙት። መመሪያው ስድስት ይላል፤ ሌላ ዘረመል ጣልቃ ገብቶ አፈጻጸሙን ያወላግደዋል። የአንድ ዛላ አንጓዎች ሁሉ የሚይዙት ዘረመል አንድ ዓይነት ሆኖ ፍሬያቸው መለያየቱ ነው እኔን የሚገርመኝ። ዘረመሉን ማወቅ መልኩን ለመተንበይ አልበቃም።

ከሜንዴል ሕግ በእውነት የሚያፈነግጥም ውርስ አለ። ጀርመናዊው ካርል ኮረንስ በ1909 እንዳሳየው፣ አንዳንድ የቅጠል ዝንጉርጉርነት የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው የሕዋስ ክፍል የራሱ ዘረመል አለው፤ በገብስም ይህ ክፍል በእናት በኩል ይተላለፋል፣ የአባት ብናኝ ድርሻ የለውም።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ወግ ብቻ እንዳይመስል የካሊፎርኒያውን ታሪክ ልጨምር። ክሽክሽ የሚያስተላልፈው ቫይረስ ገብስን አቢጭቶና አቀጭጮ ያስቀራል። የካሊፎርኒያው ተመራማሪ ሻለርና ባልደረቦቹ መከላከያ ፍለጋ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ 6689 የገብስ ዓይነቶችን ፈትነው ውጤቱን በ1963 አወጡ። ከተመረጡት 117 ውስጥ 113ቱ የኢትዮጵያ ነበሩ። ዋናው መከላከያ አንድ ዘረመል ነው፤ እርሱም ሙሉ ገዢ አይደለም፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ተክል መካከለኛ ጥበቃ ያገኛል። «አትላስ 68» በተባለው የካሊፎርኒያ ዝርያ ውስጥ የገባው ይኸው የእኛ ደጋ ዘረመል ነው። የዌልስ ተመራማሪዎች በ1970 እንደተገነዘቡት ደግሞ፣ ቀስ ብሎ በሚያድግ ገብስ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ይደክማል። ዘረመሉ ያው ነው፤ ጉልበቱ ግን እንደ ገባበት ገብስ ይለያያል።

በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ እንዲህ ያሉትን ዘሮች በብርድ ክፍል ማስቀመጥ ጀመረ። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን ብርድ ክፍሉ ብቻውን አይበቃም ባይ ነበሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገበሬው ድብልቅ ዘሩን በራሱ ማሳ ላይ እየዘራ፣ እየመረጠ እንዲያቆይ የሚያግዝ ሥራ ጀመሩ፤ በ1989ም «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።