ከላቪንግተን እስከ ማሊንዲ፦ የኬንያ የባሕር ዳርቻዎች ንጽሕና የሚጀምረው ከየት ነው?

በናይሮቢ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው ላቪንግተን ሰፋፊ ግቢዎችና ረጃጅም ዛፎች ያሉበት፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ሕንጻዎች የተበራከቱበት ሰፈር ነው። በአቅራቢያው በሚገኙት ኪሊማኒና ሀርሊንግሃም በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ሰፈሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስ ከዚህ አካባቢ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ባሕር ይወርዳሉ። እ.አ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው የናይሮቢ ሞምባሳ ባቡር ጉዞውን ወደ 5 ሰዓት ገደማ አሳጥሮታል። መንገደኛው በሚቀጥለው ማለዳ ከነጭ አሸዋ ላይ ቆሞ ውቅያኖሱን ሲመለከት፣ የተወው ሰፈር ከዚህ ውኃ ጋር ግንኙነት ያለው አይመስለውም።

ግንኙነቱ ግን አለ። በላቪንግተንና በአጎራባች ሰፈሮች የሚያልፉት የኪሪችዋ ጅረቶች የሚገቡት ወደ ናይሮቢ ወንዝ ነው። የናይሮቢ ወንዝ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ከአቲ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። አቲ ደግሞ ደረቁን ቆላ አቋርጦ በጻቮ ምሥራቅ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከጻቮ ወንዝ ጋር ሲገናኝ ‘ጋላና’ ተብሎ ይጠራል፤ ወደ ባሕሩ ሲቃረብም ‘ሳባኪ’ የሚል ሌላ ስም ይይዛል። ከማሊንዲ ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል።

ሦስት ስም ያለው ይህ ወንዝ በርዝመት ከኬንያው ታና ወንዝ ቀጥሎ በአገሪቱ ሁለተኛው ነው።

የማሊንዲ ውኃ ለምን ይደፈርሳል?

ማሊንዲ ጥንታዊ የስዋሂሊ የወደብ ከተማ ናት። ፖርቱጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ ወደ ሕንድ ሲያቀና እ.አ.አ. በ1498 እዚህ አርፏል። በከተማዋ አጠገብ ያለው የባሕር ፓርክና ከእርሷ በስተደቡብ የሚገኘው የዋታሙ የባሕር ፓርክ እ.አ.አ. በ1968 የተቋቋሙ ሲሆን፣ በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት የባሕር ጥብቅ ሥፍራዎች መካከል ናቸው።

ሁለቱ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ውኃቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የዋታሙ ባሕር በአብዛኛው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። የማሊንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን ከዝናብ ወራት በኋላ ቡናማ ቀለም ይይዛል። ምክንያቱ የሳባኪ ወንዝ ከደጋው ጠርጎ የሚያመጣው ደለል ነው።

ደለሉ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ነፋስ ነው። የባሕር ጠረፉ ነዋሪዎች ዓመቱን በሁለት ነፋሳት ይከፍሉታል። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ግድም ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ‘ኩሲ’ ይባላል፤ የወንዙንም ውኃ ወደ ሰሜን ይገፋዋል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ‘ካስካዚ’ በበኩሉ የደፈረሰውን ውኃ ወደ ደቡብ፣ ማለትም ወደ ማሊንዲና ወደ ኮራል ዐለቶቹ ያመጣዋል።

ኮራል ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። በአካሉ ውስጥ አብረውት የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ምግብ የሚያዘጋጁለት በፀሐይ ብርሃን ስለሆነ፣ ደለል ሲበዛ ብርሃን ያጣል፤ ጭቃ ሲጫነውም ይታፈናል። ኮራል ሲሞት ዓሣው ይሸሻል፤ ማዕበሉን የሚያበርደው የተፈጥሮ ግንብም ይዳከማል።

የ300 ዓመት ምስክር

ይህ ጥፋት መቼ እንደጀመረ የመሰከረው ራሱ ኮራሉ ነው። ኮራል እንደ ዛፍ በየዓመቱ አዲስ ንብር እየጨመረ ያድጋል። ወንዝ ያመጣው አፈር ደግሞ ባሪየም የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ባሕሩ ይለቃል፤ ኮራሉም በየንብሩ ያስቀረዋል። ተመራማሪዎች ከማሊንዲ አካባቢ የተገኘ ወደ 300 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ኮራል መርምረው እ.አ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ የአፈር መሸርሸሩ ለረጅም ዘመን ብዙም ሳይለዋወጥ ቆይቶ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ እየጨመረ መሄዱን አሳይተዋል።

ያ ወቅት የኬንያ ደጋ መልክ የተለወጠበት ነበር። ባቡር ናይሮቢን አቋቋመ፤ ሰፋፊ የቅኝ ገዥዎች እርሻዎች ተከፈቱ፤ ከለም መሬቱ የተነሣው ሕዝብም ወደ ተዳፋትና ወደ ደረቅ ቦታዎች ተገፋ። የዛሬው ላቪንግተን አካባቢም የዚያ ታሪክ አካል ነው። የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚስዮናውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የቅዱስ አውስቲን ሚስዮንን መሥርተው ቡና የተከሉት በዚሁ ሥፍራ ነበር።

ከደለሉ ጋር ዛሬ ሌላ ሸክም ተጨምሯል። ‘ናይሮቢ’ የሚለው ስም በማሳይ ቋንቋ ‘ቀዝቃዛ ውኃ’ ከሚል የመጣ ቢሆንም፣ የከተማዋ ወንዞች ያልተጣራ ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ዝቃጭና ፕላስቲክ ተሸካሚ ሆነዋል። ሕንጻዎች በፍጥነት ሲያድጉ የፍሳሽ መስመሮቹ በዚያው ልክ አላደጉም።

ንጹሕ የሚባሉት ለምን ንጹሕ ሆኑ?

ከሞምባሳ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የዲያኒ የባሕር ዳርቻ በአፍሪካ ውብ ከሚባሉት አንዱ ነው። አሸዋው ነጭ የሆነው በአብዛኛው ከተፈጨ ኮራልና ዛጎል የተሠራ በመሆኑ ነው። ከዳርቻው ፊት ለፊት የተዘረጋው የኮራል ዐለት ትልልቆቹን ማዕበሎች ይሰብራል። በአካባቢው ወደ ባሕር የሚገባው ምዋቼማ ትንሽ ወንዝ ነው፤ እንደ ሳባኪ የደጋ ከተሞችን ቆሻሻ ጠርጎ አይመጣም።

ከዲያኒ በስተደቡብ ባለው የጋዚ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ የማንግሮቭ ደን አለ። በጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅለው ይህ ዛፍ በሥሮቹ ደለልን ይይዛል፤ ለዓሣ ጫጩቶችም መጠለያ ይሆናል። የአካባቢው ነዋሪዎች ‘ሚኮኮ ፓሞጃ’ በተባለው መርሐ ግብር ደኑን ጠብቀው፣ ዛፎቹ አምቀው ከሚይዙት ካርቦን ሽያጭ ገቢ ያገኛሉ። ስሙ በስዋሂሊ ‘ማንግሮቭ በጋራ’ እንደማለት ነው።

ሕጉም የራሱን ድርሻ ይይዛል። እ.አ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ባሕሩ ሞልቶ በሚደርስበትና ጎድሎ በሚመለስበት መስመር መካከል ያለውን መሬት የሕዝብ ይለዋል። ስለዚህ በሆቴሎች ፊት ያለው እርጥብ አሸዋ የሆቴሎቹ አይደለም። አገሪቱ እ.አ.አ. ከነሐሴ 28 ቀን 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢትን የከለከለች ሲሆን፣ ቅጣቱ እስከ 4 ዓመት እስራት ወይም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ይደርሳል። ከሰኔ 5 ቀን 2020 አንሥቶ ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ፕላስቲኮችን ወደ ብሔራዊ ፓርኮችና ጥብቅ የባሕር ዳርቻዎች ይዞ መግባት ተከልክሏል።

በላሙ ደሴት የእንጨት ጀልባ ሠሪዎች ከተጣለ ፕላስቲክ ‘ፍሊፕፍሎፒ’ የተባለች ባለ ሸራ ጀልባ ሠርተው በነጠላ ጫማ ቁርጥራጮች አልብሰዋታል። ጀልባዋ እ.አ.አ. በ2019 ከላሙ እስከ ዛንዚባር ተጉዛለች።

ከዌልስ እስከ አቃቂ

ንጽሕና ከላይ እንደሚጀምር የሚያውቁት ኬንያውያን ብቻ አይደሉም። በብሪታኒያ ምዕራብ የምትገኘው ዌልስ በገጠር የባሕር ዳርቻዎቿ ትታወቃለች። እ.አ.አ. በ2012 የተከፈተው 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የእግር መንገድ ጠረፏን በሙሉ ይከተላል። በይፋ የመዋኛ ሥፍራ ተብለው በተሰየሙት ዳርቻዎች ባለሥልጣናት በዋና ወቅት ከሰው ወይም ከከብት እዳሪ የሚመጡ ባክቴሪያዎች በውኃው ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ይመረምራሉ። እዚያም ቢሆን ከባድ ዝናብ ሲጥል የፍሳሽ መስመሮች ሞልተው ሊፈስሱ፣ ከእርሻና ከግጦሽ መሬትም ቆሻሻ ሊታጠብ ስለሚችል፣ ዋናተኞች ለጊዜው እንዲቆዩ ይመከራሉ።

ኢትዮጵያ ከ1993 እ.አ.አ. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ጥያቄው ግን ለእርሷም ይሠራል። የአዲስ አበባን ፍሳሽ የሚሸከሙት የአቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚቀር በመሆኑ፣ ከተማዋ የምትጥለው ቆሻሻ የሚያገኘው በወንዙ የሚጠቀመውን ገበሬና አርብቶ አደር ነው።

የናይሮቢን ወንዞች ለማጽዳት የተደረገው ጥረትም ቆየት ያለ ነው። የቀድሞው የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ጆን ሚቹኪ ያስጀመሩት ሥራ በመሐል ከተማ በስማቸው የሚጠራ መናፈሻ አስገኝቷል። እ.አ.አ. በ2022 ደግሞ ፕሬዝዳንት ዊሊያም ሩቶ የናይሮቢ ወንዞች ኮሚሽንን አቋቁመዋል። እ.አ.አ. በ2024 የዝናብ ወራት በከተማዋ የደረሰው ጎርፍ የሰው ሕይወት ሲቀጥፍ፣ የወንዝ ዳርን ለወንዙ መተው ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ በግልጽ ታይቷል።

ተጓዡ ምን ይመልከት?

ወደ ኬንያ ጠረፍ ለሚጓዝ ሰው ጊዜና ቦታ መምረጥ ብዙ ይጠቅማል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ወቅት በዲያኒና በዋታሙ ባሕሩ ጸጥ ያለ፣ ውኃውም የጠራ ነው። በኩሲ ወራት የባሕር አረም በብዛት ወደ ዳርቻ ይወጣል፤ ይህ ተፈጥሯዊ እንጂ ቆሻሻ አይደለም። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት ወደ 4 ሜትር ሊጠጋ ስለሚችል፣ ኮራል ለማየት ከመግባት በፊት ሰዓቱን የአካባቢውን ጀልበኞች መጠየቅ ይበጃል። ከከባድ ዝናብ በኋላ በወንዝ መግቢያ አጠገብ አለመዋኘት፣ ኮራልን አለመርገጥና ዛጎል ይዞ አለመመለስም ይመከራል።

በማሊንዲ ዳርቻ ቆሞ ቡናማውን ውኃ ያየ መንገደኛ ግን ያየው የባሕሩን ነውር አይደለም። ያየው ከራሱ ደጅ የወረደውን ጅረት ነው።